በኤሪያዪ ደጅ የተፈጨ በርበሬ

በርበሬውን ከገበያ የመረጠችው ራሷ ቬራዪ ናት። ትንሹን፣ ጠማማውን፣ ገና ሲያዩት የሚያስነጥሰውን ዓይነት። ሻጩ ደግ ሰው ነበርና፣ «እህቴ፣ ይሄ ለወጥ አይሆንሽም፣ ሆድ ይልጣል» ቢላት፣ «ለወጥ ነው ማን አለህ? ለምላስ ነው» ብላው ከረጢቷን ቋጥራ ሄደች። ሰውዬው ወዲያው ገባው። በዚያ አገር ሴት ፊቷን አጥቁራ በርበሬ ከገዛች የምትሄደው ወደ ማድቤት ሳይሆን ወደ ኤሪያዪ ደጅ ነው።

ኤሪያዪ የኩሬው ዳር እናት ናት። መቅደሷ መቼ እንደተሠራ የሚያውቅ የለም፤ ምሰሶዎቹ ላይ የተቀረጹት ሴቶች አፍንጫቸው በሰው መዳፍ ብዛት አልቆ ፊታቸው ለስልሷል። ልጅ ለሚፈልግ ሌላ አምላክ አለ፣ ዝናብ ለሚፈልግም ሌላ አለ። እሷ ዘንድ የሚመጣው የተቃጠለ ሰው ነው። የተበደለ ሰው በርበሬ ፈጭቶ ከደጇ የቆመውን ጥቁር ድንጋይ ይቀባል። ድንጋዩ ገላዋ ነው፤ ስለዚህ ይፈጃታል። እሷም እንዲበርድላት በዳዩን ካለበት ፈልጋ ትቀጣለች። ቅጣቱ ሲደርስ ተበዳዩ ተመልሶ በዘይትና በወተት ያጥባታል። እስከዚያ ድረስ እናቲቱ እንደተንገበገበች ትቆያለች።

ቬራዪን ለዚህ ያበቃት የልጇ ሠርግ መፍረስ ነው። ልጇ ፑንጎዲ ከወንዙ ማዶ ላሉ የሸንኮራ አገዳ ባለቤቶች ልጅ ታጭታ ነበር። ኮኮናቱ፣ ሙዙ፣ አበባው፣ የሐር ሳሪው በሳህን በሳህን ሆኖ መጥቶ፣ ቀኑ ተቆርጦ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ምን እንደሚለብስ ማውራት ከጀመረ በኋላ፣ አንድ ጠዋት የሙሽራው ሁለት አጎቶች ደጃፉ ላይ ቆሙ። ቬራዪ በአጸፋው የላከቻቸውን ሳህኖች ይዘው ነው የመጡት። ግቡ ብትላቸው አልገቡም፤ ውሃ ብትሰጣቸው አልጠጡም። «ልጅቷ የሚጥል በሽታ እንዳለባት ሰምተናል» አሉና ሳህኖቹን መሬት ላይ አስቀምጠው ሄዱ። ከየት ሰማችሁ ብላ ተከትላቸው ብትሮጥ፣ አንዲት ሴት በስልክ ነግራናለች ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልተነፈሱም።

ፑንጎዲ በዕድሜዋ ሙሉ ወድቃ የምታውቀው ከማንጎ ዛፍ ላይ ብቻ ነው። ግን ማን ይሰማል? እንዲህ ያለ ወሬ አንዴ ከወጣ፣ እናት መንደር ለመንደር እየዞረች ልጄ ጤነኛ ናት ብትል ይባስ ያጸናዋል። ቬራዪም ይህን ስለምታውቅ አልዞረችም። ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች፤ ያቺን በስልክ የተናገረች ሴት ግን በልቧ ቀን ከሌት ስትፈጫት ከረመች።

ማን እንደሆነች ደግሞ ቅንጣት አልተጠራጠረችም። አጥር ለአጥር የምትኖረው የዋርሳዋ ሚስት ሴላታዪ ናት። ከሴላታዪ ጋር ያላቸው ቂም የቆየ ነው። የሴላታዪ ልጅ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ፣ አክስቶች ሁሉ በእርድ ውሃ ሊያጥቧት ተሰብስበው ሳለ፣ ቬራዪም የእርዱን ሳህን ይዛ ተሰልፋ ነበር። ባሏ ከሞተ ገና ዓመቱ ነው። ሴላታዪ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መጥታ ሳህኑን ከእጇ ላይ ወሰደችው። «አንቺ እንኳ ከኋላ ብትቆሚ ይሻላል፤ የመበለት ጥላ ልጄ ላይ እንዳያርፍ» አለቻት፤ ያውም በለሰለሰ ድምፅ። ከዚያ ሁሉ ሴት «ምነው?» ያለ አንድ አልነበረም። ቬራዪ ከኋላ ቆመች። ድግሱን በላች፣ ጣፋጩንም አመሰገነች። ቤቷ ገብታ በሩን ከዘጋች በኋላ ነው የሳሪዋን ጫፍ ነክሳ የጮኸችው።

የአገዳ ባለቤቶቹም ቢሆኑ መጀመሪያ የመጡት ለሴላታዪ ልጅ ነበር። ቬራዪ የሙሽራውን አክስት አውቶብስ መጠበቂያው ላይ አግኝታ፣ ጥላ ሥር አስቀምጣ፣ ኮኮናት አስቆርጣ አጠጣቻትና፣ «የዋርሳዬ ልጅ ደህና ልጅ ናት፣ ምንም አይወጣላት፤ እናቷን የምትችሉበትን ትከሻ ግን ይስጣችሁ» አለቻት። ውሸት አልተናገረችም። ያቺ ሴት በማግስቱ የቬራዪን በር አንኳኳች። ያን ቀን ቬራዪ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

እንግዲህ ሴላታዪ ይህን አውቃ ነው የተበቀለችኝ ብላ ደመደመች፤ ዛሬም ለዚህ ነው በርበሬዋን ይዛ፣ ልጇን አስከትላ አውቶብስ የተሳፈረችው።

«እማ፣ ዛሬ ይቅርብን» አለች ፑንጎዲ፣ አውቶብሱ ከመንደሩ ገና ሳይወጣ። «ፀሐዩ አያስቆምም።»

«እኔን ያቃጠለኝ ፀሐይ አይደለም።»

«ማን እንደሆነች በትክክል ሳናውቅ…»

«አንቺ አታውቂ ይሆናል። እኔ ድምፅዋን ሳልሰማ አውቃታለሁ። አሁን አፍሽን ዝጊና ማሰሮውን ያዢ፣ እንዳይሰበር።»

ፑንጎዲ አፏን ዘግታ ማሰሮውን ያዘች። ዝምተኛ ልጅ ናት። ያልፈለገችውን ነገር ሲሰጧት እጇን ዘርግታ ትቀበልና፣ በኋላ ያ ነገር የት እንደገባ አይታወቅም።

ኩሬው ደርቆ መሬቱ ተሰነጣጥቋል። በዳሩ በእግር ሄደው መቅደሱ ጋ ሲደርሱ፣ በቅጥሩ ውስጥ ከኒሙ ዛፍ ሥር የተደረደሩት ወፍጮዎች ሁሉ ተይዘው ነበር። ሴቶቹ ጎንበስ ቀና እያሉ ይፈጫሉ፣ ያስላሉ፣ እንባቸውን በክንዳቸው ይጠርጋሉ። የምታለቅሰው የትኛዋ፣ በርበሬው የበላት የትኛዋ እንደሆነች መለየት አይቻልም።

አንዲት ወፍራም ሴት ለማረፍ ፍጭቷን በመሐል አቋርጣ ወፍጮዋን ለቀቀችላትና ወገቧን ይዛ፣ «ለማን ነው?» አለቻት።

«የልጄን ሠርግ ለበተነች። ያንቺስ?»

«ላሜን ለሰረቀኝ። ላሟ እንኳ ግድ የለም፣ አሮጊት ናት። ጥጃዋን ትቶ መሄዱ ነው ያንገበገበኝ።»

«የእጁን ይስጠው» አለች ቬራዪ ከልቧ፣ ከወፍጮው ጀርባም ተንበረከከች።

ፑንጎዲ በደረቀው ኩሬ መሐል ከተቆፈረው ጉድጓድ የቀዳችውን ውሃ አጠገቧ አስቀምጣ ራቅ ብላ ቆመች። ቬራዪ ግን ሐሳቧ ሁሉ በራሷ ነገር ላይ ስለነበር ልብ አላለቻትም። በርበሬውን በድንጋዩ ላይ ዘረገፈች፣ ጨው ነሰነሰችበት፣ መጁን በሁለት እጇ ጨብጣ ገፋችው። መጀመሪያ ተንኮሻኮሸ። ውሃ ረጨችበት፤ ቀላ፣ ለሰለሰ፣ ሽታው አፍንጫዋን ሰነጠቀው። መጁን ባመላለሰች ቁጥር ሴላታዪ ከፊቷ አለች። ይሄ ለእርዱ ሳህን። ይሄ «ከኋላ ቁሚ» ላለችኝ። ይሄ ሳህኖቼ ተመልሰው ሲመጡ በአጥሩ ቀዳዳ ላየችኝ ዓይኗ። ክንዷ እስኪዝል፣ ደለዙ እንደ ቅባት እስኪልም ድረስ ፈጨችው። እንዲህ ተደስታ የፈጨችው በርበሬ በሕይወቷ አልነበረም።

በእጇ ጠርጋ አነሣችውና ወደ ድንጋዩ ሄደች። እዚያ የሚቆመው አያ ሱዳላይ ነው፤ የመቅደሱ ካህን፣ ባዶ ደረቱን አመድ ተቀብቶ፣ ጥርሱ በቅጠል ማኘክ የቀላ ሽማግሌ። አባቱም አያቱም እዚያው ቆመዋል። ሰው መርገም ሲያበዛ የሚያዛጋ ሰው ነው።

«ስም ልትጠሪ ነው ወይስ ሳትጠሪ?» አላት።

«እጠራለሁ እንጂ! ሴላታ…»

«ቆይ፣ ቆይ! አትቸኩዪ። በዓይንሽ አይተሻታል?»

«በስልክ ነው የተናገረችው። እንዴት አያታለሁ?»

«በጆሮሽስ ሰምተሻታል?»

«አልሰማሁም። ግን ከእሷ ሌላ ማን…»

«እንግዲህ ታውቂያለሽ፤ ያላየሽውን ያልሰማሽውን ስም ከጠራሽና ከተሳሳትሽ፣ የቀባሽው በርበሬ ዞሮ ወደ አንቺ ነው የሚመጣው። ባለፈው በጋ አንዱ ለጠፋ ፍየሉ የወንድሙን ስም ጠርቶ፣ ፍየሉ ከጫካ ተመለሰ፤ ሰውዬው እስከ ዛሬ ከንፈሩ ቆስሎ ሩዝ በውሃ ነው የሚውጠው። ‹ማንም ትሁን› ካልሽ ግን እናቲቱ ራሷ ታውቃለች። አትስትም።»

ቬራዪ ቆም ብላ አሰበች። የሴላታዪን ስም እዚያ ድንጋይ ፊት አፏን ሞልታ መጥራት ከድግስ በላይ ያማራት ነገር ነው። ግን ብልጥ ሴት ናት። ለምን አንዲት ጠብታ እንኳ ወደ እኔ የምትመለስበትን መንገድ ልክፈት? ሴላታዪ እንደሆነች ጥፋተኛዋ ራሷ ናት፤ ስሟ ተጠራ አልተጠራ የት ታመልጣለች? ይሄ የተሻለ ነው አለች በልቧ። ንጹሕ እጅ፣ የማይስት ቅጣት።

ድንጋዩን ደረቱ ላይ በሁለት መዳፏ ለጠፈችው።

«እማ ኤሪያዪ! እኔን ያቃጠለኝ አንቺንም ያቃጥልሽ! እኔ የማላውቀውን አንቺ ታውቂያለሽ። ያንን ቃል የተናገረችው አፍ፣ ማንም ትሁን የማንም ትሁን፣ ትንገብገብ! ምላሷ አብጦ አፏን ይሙላው! የጎረሰችው አመድ ይሁንባት፣ የጠጣችው እሳት ይሁንባት! ሳህኔን ያስመለሰች፣ እንግዳዬን የበተነች፣ ስሜን ያጠፋች፣ በመንደሬ መሳቂያ ያደረገችኝ፣ ደጃፌ ላይ ውሃ ይዤ ያስቆመችኝ! አትማሪያት! ልጅ ናት አትበዪ፣ አሮጊት ናት አትበዪ! እስክትደርሺባት ድረስ አይብረድልሽ!»

ከኋላዋ የተሰለፉት ሴቶች «እሰይ! አፈር አስግጫት!» አሉ። አያ ሱዳላይ እንኳ ማዛጋቱን ተወ። ቬራዪ ዘወር ስትል ፑንጎዲን አየቻት፤ ምሰሶው ተደግፋ፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ረሃብ ነው ብላ አሰበች።

ከቅጥሩ ግድግዳ ጥላ ሥር ተቀምጠው በሙዝ ቅጠል የቋጠሩትን በኮምጣጣው የሮቃ ፍሬ የተለወሰ ሩዝ ፈቱ። ቬራዪ እጇን ደጋግማ ብትታጠብም ጣቶቿ ይግላሉ፣ ይጠዘጥዛሉ፤ እሱም ደስ አላት። ሳህኖቹ ከተመለሱ ወዲህ ምግብ በወጉ የበላችው ዛሬ ነው። እየጎረሰች፣ እየሳቀች ታወራለች።

«ከምላሷ ነው የሚጀምራት። ስታወራ ይኮላተፍባታል። ያቺ እንደ ቅቤ የለሰለሰችው ድምፅዋ! ባሏ ምን ሆንሽ ሲላት፣ ምንም ልትል ትሞክራለች፣ ‹ሙም› ትላለች። ሃ! እኔ ደግሞ ከአጥሩ በላይ፣ ‹ምነው እህቴ፣ ደህና አይደለሽም እንዴ?› እላታለሁ። ብይ እንጂ አንቺ!»

ፑንጎዲ አንዲት ፍሬ ሩዝ በጣቷ ታንከባልላለች።

«እማ፣ መቼ ነው የሚጀምረው?»

«ምኑ?»

«የምላሱ ማበጥ።»

«ለእናቲቱ ማን ቀን ይቆርጥላታል? ዛሬ ማታም ሊሆን ይችላል። ምነው፣ አዘንሽላት?»

«እኔ ነኝ።»

«አንቺ ምን?»

«የደወልኩት እኔ ነኝ። ከልብስ ሰፊዋ ስልክ ተውሼ። አፌ ላይ ሻሽ አድርጌ ለሙሽራው አክስት ደወልኩላትና፣ ያቺ ልጅ የሚጥል በሽታ አለባት፣ በልጃችሁ አትፍረዱ አልኳት። ሴላታዪ ምንም አታውቅም።»

ቬራዪ የጎረሰችውን አልዋጠችም፣ አልተፋችም። ከወፍጮዎቹ በኩል የመጅ ድምፅ ይሰማል፤ አንዷ ታስነጥሳለች፣ ሌላዋ ትስቅባታለች።

«ምን አደረገሽ?» አለች በመጨረሻ። «ልጁ ምን አጠፋ? ሰካራም ነው? ሌላ ሴት አለችው? ተናገሪ!»

«ልጁ ምን ያደርገኛል? አንድ ቀን ነው ያየሁት፣ እሱም ጫማውን ሲያይ ነበር። ደግ ሊሆን ይችላል፣ እኔ ምን አውቃለሁ። እማ፣ እሱ መቼ ለእኔ ታጨ? ለሴላታዪ አይደል እንዴ ያጨሽው? በእሷ በር ሊገቡ ሲሉ ጎትተሽ በእኛ አስገባሻቸው። ሳህኖቹ የመጡ ቀን ዓይንሽ የት እንደነበር አላውቅም መሰለሽ? እኔ አዲስ ሳሪ ለብሼ መሐል ተቀምጫለሁ፣ አንቺ አጥሩን ታያለሽ። ታይ እንደሆነ። ትቃጠል እንደሆነ። እኔን አንስተሽ እንደ ድንጋይ በእሷ ቤት ላይ ወረወርሽኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነግሬሻለሁ። አልፈልግም ብዬሻለሁ። ‹ቀስ በዪ፣ ሴላታዪ ትሰማለች› አልሽኝ።»

እውነት ነው፤ ብላለች። ቬራዪ አሁን ትዝ አላት፤ ሳህን እያጠበች ነበር፣ ቀና ብላ እንኳ አላየቻትም።

«እሺ ይሁን!» አለች፣ ድምፅዋ እየወጣ። «ይሁን! ግን እዚህ ድረስ ተከትለሽኝ፣ ዝም ብለሽ ቆመሽ ታስፈጪኛለሽ? ገና በአፌ ሳልረግምሽ አንድ ቃል አትተነፍሺም? በገዛ እጄ!»

«ልነግርሽ ነበር። እዚያ ስትቆሚ ልጮህ ነበር» አለች ፑንጎዲ። ዓይኗ እንደ ደረቀው ኩሬ ነው። «ከዚያ መናገር ጀመርሽ። ስሜን ትጠሪ እንደሆነ ብዬ ጠበቅሁ። ሳህኔ አልሽ። እንግዳዬ አልሽ። ስሜ፣ መንደሬ፣ ደጃፌ አልሽ። የልጄ ልብ ተሰብሯል የምትል አንዲት ቃል አጣሁ። በዚያ ሁሉ ርግማን ውስጥ ፑንጎዲ የሚባል ሰው የለም። እንግዲያው ያቃጥለኝ አልኩ። ተቃጥዬ ታየኝ።»

ቬራዪ እጇን ለጥፊ አነሣች። ቀይ እጅ ነው፣ እስከ አንጓው የበርበሬ። ልጅቷ አልሸሸችም፤ ፊቷን እንዲያውም ቀና አደረገች። ያ እጅ በዚያ ጉንጭ ላይ ቢያርፍ ምን እንደሚያደርግ ሁለቱም ያውቃሉ። ቬራዪ ባየር ላይ እንደያዘችው ብድግ አለች፤ ሩዙን ረግጣ ወደ ድንጋዩ አመራች።

«አያ! እጠብልኝ!»

አያ ሱዳላይ ላሟ የተሰረቀባትን ሴት እያስተናገደ ነበር። «ምኑን?»

«የቀባሁትን። ዘይቱን አምጣና እጠበው።»

«ደረሰልሽ እንዴ? ገና ሩዝሽን ሳትጨርሺ?»

«ተሳስቻለሁ!»

«ስም ጠርተሻል?»

«አልጠራሁም፣ አንተው አትጥሪ አልከኝ አይደል?»

«ታዲያ በምን ትሳሳቻለሽ? የሚሳሳት ስም የጠራ ነው። አንቺ ማንም ትሁን ብለሻል፣ እናቲቱም ማን እንደሆነች አውቃ ሄዳለች። ቅጣቱ ሳይደርስ ዘይት አይፈስም። አባቴ አላፈሰሰም፣ አያቴ አላፈሰሰም፣ እኔም አላፈስም። እህቴ፣ ወደ ኋላ በዪ፣ ሰው ተሰልፏል።»

«ልጄ ናት!»

ላሟ የተሰረቀባት ሴትዮ ደለዟን በእጇ እንደያዘች ወደ ኋላ አለች። አያ ሱዳላይ በዚያ ደጅ ኖሮ ኖሮ እንዲህ ያለ ጉድ ገጥሞት አያውቅም። ከዚያ በዝግታ ራሱን ነቀነቀ። አይቻልም ማለቱ ነበር።

ቬራዪ ድንጋዩን አየችው። የስንቱ በርበሬ ተደራርቦበት ደርቋል፣ ጠቁሯል፤ የእሷው ግን ገና እርጥብ ነው፣ ደረቱ ላይ እንደ ቁስል ቀልቶ ወደ ታች ይንጠባጠባል። የጣቶቿ ቅርጽ አለበት። ዛሬ ጠዋት ለሴላታዪ ያቀጣጠለችው ንዴት ሁሉ የሚያርፍበት አጣና እዚያው ድንጋይ ላይ ወረደ።

«ስሚ አንቺ!» አለቻት። «እናት ነኝ ትያለሽ አይደል? ስንት ዘመን እዚህ ተቀምጠሽ የሰው ብሶት ስትሰሚ፣ የሚናገር ሰውና የሚቃጠል ሰው መለየት አቃተሽ? ልጅ ናት አትበዪ ብልሽ፣ ሰማሽኝ? ይሄን ሰማሽ? ባሌ ሲሞት የጮህኩትን አልሰማሽም፣ ሳህኑን ከእጄ ሲወስዱብኝ አልሰማሽም፣ ዛሬ ጆሮ አወጣሽ! እኔን ነው የማትፈሪው? ልጄን ብትነኪ፣ ምላሷ ላይ አንዲት ቁስል ብትወጣ፣ በከረጢት አይደለም በጋሪ ጭኜ እመጣልሻለሁ። ከአናትሽ እስከ እግርሽ እለቀልቅሻለሁ። የሚያጥብሽ እንዳይኖር ይሄንንም ሽማግሌ አባርረዋለሁ!»

«ኧረ ሴትዮ!» አለ አያ ሱዳላይ።

«አፍ ነው የፈለግሽው? የአንዲት ሴት አፍ ካልተቃጠለ አይበርድልሽም? ይኸው አፍ!»

ማንም ሳይደርስባት በሁለት እጇ ጣቶች ደለዙን ከድንጋዩ ላይ ጠርጋ ወደ አፏ ጨመረችው። አንዴ፣ ደግሞም ሌላ። የቀረውን በጥፍሯ ፋቀችው። የራሷ ብቻም አልነበረም፤ ከሥሩ የደረቀው የማታውቃቸው ሰዎች በርበሬም አብሮ መጣ። ዋጠችው። አያ ሱዳላይ ክንዷን ይዞ ሲጎትታት የጨበጠችውን እፍኝ አልለቅም ብላ እሱንም ጎረሰችው።

መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ከዚያ አፏ የእሷ መሆኑ ቀረ። ጉሮሮዋ ተዘጋ፣ ጆሮዋ ጮኸ፣ እንባዋና ንፍጧ አንድ ላይ ወረደ። በጉልበቷ ወደቀች። ሴቶቹ «ውሃ! ውሃ!» ይላሉ፤ አንዷ «ውሃ ያባብሰዋል፣ አሬራ ነው!» ትላለች። ከቅጥሩ በር አጠገብ አሬራ የምትሸጥ ሴት አለች፤ በርበሬ ፈጪዎቹን እያሰበች ነው እዚያ የተቀመጠችው።

ቬራዪ በእንባዋ ውስጥ ፑንጎዲን አየቻት። ልጅቷ ወደ አሬራ ሻጭዋ ሄዳ ማሰሮዋን እያስሞላች ነበር። ሞልታም ተነሣች። ሻጭዋ፣ «ልጄ፣ ሩጪላት እንጂ! እናትሽ አይደለችም?» ስትላት፣ «ናት» አለችና መጣች። አልሮጠችም። ማሰሮውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጠብታ እንዳይፈስባት እንደምትጠነቀቅ ሰው፣ እግሯን እየቆጠበች በሴቶቹ መሐል አለፈች። ሌላ ሰው ቢያያት ደንግጣ ነው ይላል። ቬራዪ ግን ያንን አረማመድ ታውቀዋለች፤ እሷም ሴላታዪ ስትቃጠል እንደዚያ አድርጋ ልትሄድላት ስንት ጊዜ አስባ ነበር።

ፑንጎዲ አንድ እርምጃ ሲቀራት ቆመች። የእናቷ ከንፈር አብጧል፣ ምላሷ አፏን ሞልቶታል። ቬራዪ ቀይ እጆቿን ዘረጋች።

«ስሜን ጥሪ» አለች ልጅቷ።

«ኧረ በእናቲቱ! ስጫት!» አለች ላሟ የተሰረቀባት ሴት።

«እሰጣታለሁ። ስሜን ትጥራ።»

ቬራዪ ሞከረች። የወጣው ድምፅ ስም አልነበረም፤ ምራቅና ሳል ነበር። ትንፋሿን ሰብስባ እንደገና ሞከረች። «ፑ…» ብላ ቀረባት። ልጅቷ አሁን ታለቅሳለች፣ እንባዋ አገጯ ላይ ይንጠባጠባል፤ ማሰሮውን ግን አላቀረበችም። ቬራዪ መሬቱን በመዳፏ ተደግፋ፣ እሳት የሆነውን ምላሷን ከላንቃዋ እየነቀለች ለሦስተኛ ጊዜ ጀመረች፤ ፑንጎዲም ስሟን እስከ መጨረሻዋ ፊደል እስክትሰማ ድረስ ጠበቀቻት።